ስፒል በከንፈሯ የያዘች ሴት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት «ሬዲዮ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት አብሯት የሚሠራው ልብስ ተኳሽ ሲሆን፣ እሱን ደግሞ «ካውያ» ያለችው እሷ ናት። ልብስ ስለሚተኩስ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚግልም ጭምር ነው።

ጠዋት የሱቁ በር ሲከፈት ወሬዋም አብሮ ይከፈታል። ደንበኛ ካለ ለደንበኛ ታወራለች፤ ደንበኛ ከሌለ ለካውያ፤ ካውያ ወጣ ካለ ደግሞ ጥግ ላይ ለቆመችው፣ ጭንቅላት ለሌላት ማኔኪን። «ጆሮ ባይኖራትም እንዳንተ አታቋርጠኝም» ትለዋለች ካውያን። ወሬዋ የሰው ሐሜት አይደለም። በአውቶቡስ መስኮት ያየችው ደመና፣ ሌሊት ያየችው ሕልም፣ አንዱ ኮሌታ ለምን እንደሚኮራና ሌላው ለምን አንገቱን እንደሚደፋ፣ ሁሉም ለእሷ ወሬ ነው። አንዲት ቁልፍ ወድቃ ከስፌት መኪናው ሥር ብትገባ፣ ቁልፏ እስክትገኝ ድረስ በዓለም ላይ ስለ ቁልፍ ሊባል የሚችለው ሁሉ ተብሎ ያልቃል። የሚገርመው ሰው አይሰለቻትም። ቀሚስ ሊያሳጥሩ የመጡ ሴቶች፣ ቀሚሱ አጥሮ ከተጠቀለለ በኋላም ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው የጀመረችውን እስክትጨርስ ይቀመጣሉ።

ባሏ ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት አለው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ፀጉር አስተካካይ ማየት ዝናብ የማያውቅ ደመና እንደ ማየት ነው፤ ሰው መጀመሪያ ይገረማል፣ ከዚያ ይለምደዋል። «ሲጋቡ ወሬውን በሙሉ እሷ ወሰደች፣ ለእሱ ፉጨት ደረሰው» ይላል ካውያ። እውነትም ሰውየው ፀጉር ሲቆርጥ ያፏጫል። መቀሱ ቅጭ ቅጭ ሲል ፉጨቱ ከላዩ ይንሳፈፋል፤ መንገዱን አቋርጦ፣ በመኪና ጥሩንባ መሐል ሾልኮ፣ ሱቋ ውስጥ ይገባል። ሬዲዮ ስታወራ ብትውልም አንድ ጆሮዋ ሁልጊዜ እዚያ ነው። በፉጨቱ ምሳ መብላቱን፣ ወገቡን ማመሙን፣ የሚወደው ደንበኛ መምጣቱን ታውቃለች።

ይህችን ሬዲዮ የሚዘጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስፒል። እጅጌን ከትከሻ ጋር ስታጋጥም፣ ነጭ ክብ ራስ ያላቸውን ቀጫጭን ስፒሎች በከንፈሮቿ መሐል ትደረድራለች፤ ሹሉ ወደ ውስጥ፣ ራሱ ወደ ውጭ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመዘዘች ጨርቁ ላይ ትሰካለች። ስፒል መሰኪያ ትራስ አጥታ አይደለም። ልጇ የገዛችላት ቀይ ትራስ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። «እጄ ትራሱ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ጨርቁ ሐሳቡን ይቀይራል» ትላለች።

ያን ጊዜ ሱቁ ጸጥ ይላል። ካውያ ወሬ የሚደርሰው ያኔ ነው፤ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። አንድ ሰው ጥያቄ ቢጠይቃት አንገቷን ትነቀንቅና «እምም» ትላለች። የሚያውቋት ትርጉሙን ያውቁታል፤ ቆይ፣ ስፒሉን ላውጣና እነግርሃለሁ ማለት ነው።

የማታውቃት አንዲት ፎቶ አንሺ ልጅ የመጣችው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነበር።

ካውያ የተተኮሰ ልብስ ሊያደርስ ወጥቶ ሬዲዮ ብቻዋን ነበረች። ልጅቷ ትልቅ አሮጌ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። የመስኮቱ ብርሃን ልብስ ሰፊዋ ፊት ላይ ተኝቶ ነበር።

«እትዬ፣ ፎቶ ላነሳዎት እችላለሁ?» አለቻት ዝግ ባለ ድምፅ።

ሬዲዮ ሁለት እጇ እጅጌው ውስጥ ነው። ራሷን ነቀነቀች፤ አንሺ ማለቷ ነው።

«ስለ ራስዎ የሚነግሩኝ ነገር ይኖራል?»

ሬዲዮ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ አሁን አይደለም ማለቷ ነው። «እምም» ብላም ጨመረች።

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ካሜራውን አነሳች፣ ቀጭ አደረገች፣ የሴትዮዋን ጸጥታ ላለመረበሽ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ወጣች። ሬዲዮ የመጨረሻዋን ስፒል ሰክታ «ምን ልንገርሽ መሰለሽ፣ እኔ እኮ ገና ልጅ ሳለሁ» ብላ ዞር ስትል በሩ ላይ ማንም የለም። ሳምንቱን በሙሉ ያወራችው ይህንኑ ነበር። «ጠይቆ መልስ የማይጠብቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ካውያ ግን ስፒል የሚያስይዛት እጅጌ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበትና አልመለሰላትም።

ወራት አለፉ፤ ነገሩ ተረሳ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጇ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ እያለከለከች ገባች።

«እማዬ፣ ቁጭ በዪ።»

«ምነው? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። ፎቶሽ ተሰቅሏል።»

«ምን አጠፋሁና?»

«ኤግዚቢሽን ነው እማዬ። የከተማው አዳራሽ ውስጥ የሴቶች ፎቶ እያሳዩ ነው። ያንቺ በር ያክላል። ውጭ የተለጠፈው ማስታወቂያ ላይም ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ስልኳን አውጥታ ለእናቷና ለካውያ አሳየቻቸው። ሦስቱም ራሳቸውን አጋጥመው ትንሿን መስታወት ከበቡ። በጥቁርና ነጭ የተነሳች፣ ዓይኗን ወደ ታች የሰበረች፣ ከንፈሯን የገጠመች ሴት። ግማሽ ፊቷ ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ። ከሥሯ ደግሞ በደማቁ «የታፈነ ድምፅ» ይላል።

ካውያ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የማን ድምፅ? የእሷ? የእሷን ድምፅ ያፈነው ማነው? አድራሻውን ስጡኝማ፣ ሄጄ ላመስግነው።»

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ልጇ ጋውኗን ይዛ ተንበረከከች፤ ሬዲዮ ማኔኪኗን አቅፋ ሳቀች፤ ካውያ የረሳው ካውያ የሰው ሸሚዝ ላይ ቡናማ ምልክት ሊተው ትንሽ ቀረው። ያን ቀን ነገሩ ቀልድ ብቻ ነበር።

ቀልድነቱ ግን ብዙ አልቆየም። በማግሥቱ የሰፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ቁልፉ ያልላላ ካፖርት ይዛ «ቁልፉ ላላብኝ» ብላ መጣች። ቁጭ ብላ የሬዲዮን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እህቴ፣ ለኔ አትደብቂኝ። ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ።»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ፤ እሱ እኮ ስፒል ይዤ ነው» ብላ ሬዲዮ ጀመረች። ስለ ስፒሉ፣ ስለ እጅጌው፣ ስለ ልጅቷ ካሜራ፣ ከዚያ ስለ ካሜራ በጠቅላላው፣ ከዚያ እናቷ ፎቶ ስትነሳ ዓይኗን እንዴት ትጨፍን እንደነበር አወራች። ሴትዮዋ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች።

«አይዞሽ» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ የሚያወራ ሰው ውስጡ ስንት ነገር አምቆ እንደሚኖር ገና አሁን ገባኝ።» ስትወጣም ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፀጉር ቤት አንዴ በክፉ ዓይን አየችው።

ፀጉር ቤቱም የራሱ ነገር ገጥሞት ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አገጩ በሳሙና አረፋ ተሞልቶ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሆኖ «ልጄ፣ ሚስት መናገር አለባት፤ ሴትን ልጅ ማፈን ደግ አይደለም» አለው። ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ ምክር የሚሰጥ ሰው መቼም ደፋር ነው። ባልየው ምላጩን አንስቶ «ማን እሷን» ብሎ ጀመረና ተወው። ወረፋ የሚጠብቁት ደንበኞች ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉጨቱ ቆመ።

ሬዲዮ መጀመሪያ የመኪናው ድምፅ የዋጠው መስሏት ነበር። ቆም ብላ አዳመጠች። መቀሱ ብቻ ነው፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ላዩ ላይ ምንም የለም። በሩ ክፍት ሆኖ ብርድ እንደገባበት ቤት ሱቋ ቀዘቀዘባት።

ማታ ራት ላይ ጠየቀችው። «አንተ ሰው፣ ለምንድነው የማታፏጨው?»

«እንዴት ልበልሽ» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «ፉጨት እኮ የደስታ ነው። ሚስቱን አፍኖ ያፏጫል እንዳይሉኝ ብዬ፣ አንቺንም ደግሞ…»

«ማን ነው እንዲህ ያለው? ያ ሾፌር ነው አይደል? እሱ ራሱ ሚስቱ ስትናገር ሬዲዮ ከፍ የሚያደርግ ሰው! ነገ ሱሪውን ሊያሰፋ ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ እንዲያውም»

ልጇ ሹካዋን አስቀምጣ አየቻት። «እማዬ፣ አባዬ እየተናገረ ነበር።»

ሬዲዮ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ባሏን አየችው። እሱም የጀመረውን ትቶ ዳቦውን ወጥ ውስጥ እየነከረ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነክሮ እንደበላ ማን ያውቃል። በዚህ ቤት የታፈነ ድምፅ ካለ የማን እንደሆነ ሳትወድ በግዷ ታያትና ሳቅም እፍረትም ያዛት።

«እሺ፣ ምን ልትል ነበር?» አለችው።

«ረሳሁት» አለና ፈገግ አለ።

ልጃቸው ግን ያልረሳችውን ነገረቻቸው። ዐውደ ርእዩ እሑድ ይዘጋል፤ ከዚያ ፎቶዎቹ ተጠቅልለው ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። የእናቷ ፊት ከነስሙ፣ ከነማስታወቂያው፣ በማያውቋት ሰዎች መሐል ይዞራል። ሬዲዮ ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሷ መታዘኗ ግድ አልነበራትም፤ ስታወራ ይረሱታል። ባሏ ግን በየከተማው ያላየውን ሰው ሲያፍን ሊኖር ነው።

«ነገ እንሄዳለን» አለች። «ወይ ስሙ ይነሳል፣ ወይ እኔ እነሳለሁ።»

አዳራሹ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሰው ሳያስበው የሚያንሾካሽክበት ቤት ነው። ከመግቢያው ወደ ውስጥ የሚወስደው መተላለፊያ ላይ ካለፈው ዐውደ ርእይ የተረፉ ፎቶዎች አሉ፤ ሠራተኛ ወንዶች። ብረት የሚበይድ፣ ዓሣ የሚጎትት፣ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ቆርቆሮ የሚመታ። አንዱ ጥርሱ እስኪቆጠር ይስቃል፤ አንዱ ለጓደኛው ይጮኻል። ሬዲዮ ደስ ብሏት አየቻቸውና ወደ ዋናው ክፍል ገባች።

እዚያ ደግሞ ሴቶቹ። እንዴት ያምራሉ! ሬዲዮ ይህን መካድ አልቻለችም። ብርሃኑ በየፊታቸው ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አንዷ የተሸከመችው ጥቅል ፊቷን ጋርዶታል። አንዷ እጇ ብቻ ነው ያለው፤ የተሸበሸቡ ሁለት እጆች ጭን ላይ ተጋድመዋል። ሙሽራዋ መሬት መሬት ታያለች። ሌላዋ የት እንደምታይ የማይታወቅ ሩቅ ቦታ ታያለች። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ከአንገቷ በላይ የለችም፤ ፎቶው እዚያ ላይ ያልቃል።

«ይቺ እንኳ የኛ ማኔኪን ናት» አለች ሬዲዮ።

«ቀስ እማዬ፣ ሰው ይሰማል» አለች ልጇ።

«ይስማ። ግን እያት፣ ይቺ በመስኮት ያለችው ማንን ነው የምትጠብቀው? ያቺስ? ሁሉም የሆነ ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። አንዷ እንኳ አፏን አልከፈተችም። ምሳ የምትበላ የለችም። የምታዛጋ የለችም። ልጇን የምትቆጣ፣ ከባለ ሱቅ የምትጨቃጨቅ፣ ቀልድ ሰምታ ሆዷን የያዘች የለችም። ውጭ ያሉት ወንዶች መዶሻ ይዘዋል፤ እኛ የያዝነው ምንድነው?»

«ሐዘን» አለ ባሏ። አንድ ቃል ስለሆነች ማንም ሳያቋርጠው አለቀች።

ሬዲዮ ዞር ብላ በአድናቆት አየችው። ከዚያ ከኋላው፣ ከግድግዳው መሐል፣ ራሷን አየች።

ዝም አለች። ልጇ ኋላ ላይ ለካውያ ስትነግረው ያላመናት እዚህ ላይ ነው፤ ያለ ስፒል ዝም አለች። በስልክ ያዩት ትንሽ ነገር እንዲህ አልነበረም። በር የሚያክለው ፊት በግንባሩ ላይ ያሉትን መስመሮች ሁሉ እንደ ጥሩ የክር ስፌት አሳይቷል። ወደ ታች ያየው ዓይን ሽፋን ላይ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ቀጭን ሐር ተኝቷል። ሬዲዮ በመስታወት ፊቷን ስታይ ሁልጊዜ እያወራች ስለሆነ ይህን ፊት አታውቀውም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በውስጧ እንዳለ፣ ጸጥታውም እንዲህ እንደሚያምር ማንም አልነገራት።

«ይህን ፊት አውቀዋለሁ» አለ ባሏ በቀስታ። «ከማዶ ሆኜ በመስኮትሽ የማየው እሱን ነው። ሲያምርብሽ።»

ያኔ ትዝ አላት። ያን ቀን የያዘችው እጅጌ የአንዲት ረጅም ሴት ካፖርት ነበር፤ ሴትየዋ አንዱ ትከሻዋ ከሌላው ዝቅ ስለሚል ልብስ አይቀመጥላትም። ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈትታ ስታጋጥም ውላ፣ ልክ ያን ጊዜ፣ ልክ ካሜራው ቀጭ ሲል፣ እጅጌው ወንዝ ወደ መሄጃው እንደሚፈስ በቦታው ወረደላት። ያ ፊት የታፈነ ሰው ፊት አይደለም። የዚያን ሳምንት ደስታዋ በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

ቀረብ ብላ ከንፈሯን አየችው። ልሙጥ ነው።

«ስፒሎቼስ?» አለች።

«የትኞቹ ስፒሎች?» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ፎቶ አንሺዋ ልጅ ነበረች። ሴትዮዋን በፎቶዋ ሥር ቆማ ስታያት ፊቷ በራ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እትዬ፣ መጡልኝ! እርስዎን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ወደ ሱቁ ሄጄ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ አፌ ባዶ ነው፤ ስሚኝ» አለች ሬዲዮ። ጀመረች። ስለ ዳቦ ቤቷ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ቆመው ፉጨት ነገረቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ፈገግ ብላ፣ ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ከዚያ ግንባሯን ይዛ ሰማች። በካሜራዋ በዚያ ሁሉ ዝምታ ያነሳቻት ሴት ይህች ናት ብሎ ማመን አቃታት።

«ግን እትዬ» አለች ሬዲዮ ትንፋሽ ስትወስድ ጠብቃ፣ «ዐውደ ርእዩ እኮ መናገር ስለተከለከሉ ሴቶች ነው። እንደዚያ ያሉ ሴቶች የሉም ይሉኛል?»

ሬዲዮ መልሱን ከአፏ መለሰችው። አንዲት ደንበኛዋ ትዝ አለቻት፤ ቀሚስ ስትለካ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ቀለሙንም ርዝመቱንም እሱ የሚናገርላት።

«አሉ» አለች። «አውቃለሁ፣ አሉ። እነሱን ሂጂና አንሺ፤ እስኪናገሩም ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። የእነሱን ዝምታ ግን በኔ ፎቶ አትንገሪ፤ እኔም አልሆንም፣ እነሱም አይሆኑም። ደግሞ እኔን ለማሳዘን ብለሽ ስፒሎቼን ከአፌ ለምን ነቀልሽ? የሥራ ዕቃዬ እኮ ናቸው።»

«እኔ ምንም አልነቀልኩም! እውነቴን ነው፤ ያጠፋሁት አቧራውን ብቻ» አለችና ልጅቷ ድንገት ቆመች። ፊቷ እየቀላ ሄደ። «ፊልም ላይ አቧራ ካረፈ ሲታተም ነጭ ነጥብ ይሆናል። እርስዎ ከንፈር ላይ… ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። ተደርድረው። አቧራ እንዴት እንዲህ ተሰልፎ ያርፋል ብዬ ገርሞኝም ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ባልየው ነው። ሳቁ እንደ ፉጨቱ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ልጁ ተቀበለችው፤ ሬዲዮ ተከተለች። ፎቶ አንሺዋ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። «ነጥብ በነጥብ ነው ያጠፋኋቸው» ትላለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ!» የአዳራሹ ጥበቃ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ» ቢላቸው ባሰባቸው።

«እኔ ደግሞ» አለች ሬዲዮ ሳቁ ሲበርድ፣ «አስበሽበት ክፋት የሠራሽ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስሰድብሽ ነው የመጣሁት። ይቅር በዪኝ። ፎቶውስ ደግሞ… እንዲህ አምሬ አላውቅም።»

ኮምፒውተሯን ከፍተው የመጀመሪያውን፣ ያልጸዳውን ፎቶ አዩ። ከንፈሯ ላይ ሰባት ይሁኑ ስምንት ነጫጭ ራሶች እንደ ሕፃን ጥርስ ተሰልፈዋል። ዓይኑ ያው ነው፣ ብርሃኑም ያው ነው፤ ሴትዮዋ ግን ሌላ ሆናለች። ተሸንፋ የምታቀረቅረው ቀርታ ሥራዋን የምታይ ሴት መጥታለች።

«ይህን አትሜ እሑድ ከመዘጋቱ በፊት እቀይረዋለሁ» አለች ልጅቷ። «የሚዞረውም ይኸው ይሆናል። ማስታወቂያውም። ስሙን ግን እርስዎ ያውጡለት።»

ከባዱ ነገር ይኸኛው ሆነ። ሬዲዮ ሁለት ቀን ስም ስታወጣ ሰነበተች። የመጀመሪያው ከረጅምነቱ የተነሳ ልጇ ጽፋ ሳትጨርሰው ተጨማሪ ወረቀት አስፈለጋት። ሁለተኛው ስለ ካፖርቷ ሴት ትከሻ ነበር። ካውያ «ጸጥታ በስንት ጊዜ አንዴ» የሚል አቀረበና የስፌት ሜትር ተወረወረበት። ቅዳሜ ማታ አሁንም ስም የለም። ራት ላይ ሬዲዮ «እንዲህ ብንለውስ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ እጅጌ ስታጋጥም በነበረበት ጊዜ» ብላ ስትጀምር ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ሬዲዮ አየችውና ከአፏ የወጣውን ቃል እንደ ክር በጥርሷ ቆርጣ ተወችው። ጠበቀች። መጠበቅ ሥራ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ምላሷ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቆረቆራት።

«አንቺ ስፒል ይዘሽ እምም ስትዪ» አለ ባልየው ቀስ ብሎ፣ «እኛ የምንሰማው አንድ ነገር ነው። እሱ ራሱ ስሙ ቢሆንስ? ስፒሉን ላውጣና።»

«ከዚያስ?» አለች ልጁ።

«ከዚያማ እሷ ታውቃለች። ስሙ ግን እዚያ ላይ ያበቃል።» ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ውኃውን ጠጣ።

እሑድ አዳራሹ ሰው በሰው ሆነ። ሰፈሩ ግማሹ መጥቷል። በመስኮቱ፣ በጥቅሉ፣ በእጆቹ ፊት በሐዘኔታ አንገቱን ያዘነበለ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ፎቶ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ይጠጋል፣ ነጫጮቹን ራሶች ያያል፣ ከሥሩ «ስፒሉን ላውጣና» የሚለውን ያነባል። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ይፈታል። አንዲት አሮጊት «ይቺስ የምትለው አላት» አለች። ጡረተኛው ሾፌር ፎቶውንም ባልየውንም ደጋግሞ አየና አጠገቡ መጥቶ «ልጄ፣ ያን ቀን ምላጩን በደህና ስለያዝክልኝ አመሰግናለሁ» አለው።

ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን ይዛ ሬዲዮን ከፎቶዋ አጠገብ እያወራች ልታነሳት ሞከረች። ሁሉም ብዥ ብለው ወጡ፤ አፏ በአንዱም ላይ አይቆምም። «እነዚህን አላጸዳቸውም» አለች ልጅቷ፣ «ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይ እንዳሉ ይሰቀላሉ።»

በስተመጨረሻ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች መጣች። ፎቶውን አየች፣ ስሙን አነበበች፣ ወደ ሬዲዮ ዞረች።

«እሺ እህቴ፣ ስፒሉን አወጣሽ። ለመሆኑ ያን ቀን ለልጅቷ ምን ልትነግሪያት ነበር?»

ሬዲዮ አሰበች። ግንባሯን ቋጠረች። «አይ፣ አላስታውሰውም» አለች በመገረም። ከዚያ እጇን የሴትዮዋ ትከሻ ላይ አድርጋ «ግን ምን ልንገርሽ መሰለሽ፣ እኔ እኮ ገና ልጅ ሳለሁ» ብላ ጀመረች።

ባሏ ከጥበቃው አጠገብ ያለውን ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ይህ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃል። እግሩን አነባበረ፣ ፎቶውን ቀና ብሎ አየ፣ ሳያውቀውም ከንፈሩን አሹሎ ማፏጨት ጀመረ። ጥበቃው «እሽሽ» ሊል ጣቱን አነሳና፣ ትንሽ አዳምጦ፣ ጣቱን መልሶ ኪሱ ከተተው።